ሰባ አንድ ሮዝ ገጽ

ከሰባ አንዱ ሮዝ ገጽ ሰባውን የሞላሁት እኔ ነኝ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ የድንች ልጣጩን በክንዴ ገፋ አድርጌ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ሞላሁት። ባሌ ፎርቱናቶ ከጎኔ ኳስ ያያል። እሱ ጎል ሲገባ ይጮሃል፣ እኔ «የለም» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው በኋላ እንድታዝኑልኝ ስለማልፈልግ ነው።

ስሜ ኤርሜሊንዳ ነው፤ ሰፈሩ ኤርሜ ይለኛል። የምንኖረው ከሊማ በስተደቡብ፣ ሎማ ሴካ የሚባል ኮረብታ ላይ ነው። ከመንገዱ እስከ ጫፉ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ አለ፤ ሲሚንቶውን አቡክተን የሠራነው ራሳችን ነን። ሰው አድራሻውን ሲጠየቅ የደረጃውን ቁጥር ይናገራል። የእኔ ቤት ዘጠና ስድስት ላይ ነው፤ የአበልጄ የቴዎዶሚራ ሁለት መቶ አርባ ላይ። የቧንቧ ውሃ የለንም። የውሃ ቦቴው ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል፤ ሰዓቱን የሚያውቁት ሾፌሩና ፈጣሪ ብቻ ናቸው። ጡሩምባው ሲሰማ ሴቱ ሁሉ እየሮጠ ይወርዳል፣ መንገድ ዳር በተደረደሩት ሰማያዊ በርሜሎች ውስጥ ውሃው ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ በባልዲ ሽቅብ ነው።

በርሜሉን ልብ በሉልኝ። እኛ ዘንድ ቦታ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያቆመው ቤቱን አይደለም፣ በርሜሉን ነው። መንገድ ዳር አስቀምጦ ስሙን በነጭ ቀለም ከጻፈበት፣ የሰፈሩ ስብሰባ «ባለቤት» ብሎ ይመዘግበዋል። ሚስት ባሏን ስታባርር «በርሜልህን ይዘህ ውጣልኝ» ነው የምትለው። የሚጻፈው ስም ደግሞ ሁልጊዜ የወንዱ ነው፤ የቴዎዶሚራ ባል ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በርሜሏ ግን ዛሬም «ጉሜርሲንዶ» ይላል። ቤታችን የሚጀምረው ከበርሜሉ ነው። ማንም አላስተማረንም፤ እንዲሁ ስናውቀው ኖረናል።

ሰኔ ላይ፣ ጉሙ ኮረብታውን ሸፍኖ ካፊያው ደረጃውን ሲያሟልጭ፣ ከከተማ አንድ ድርጅት መጣ። ሁለት ኮረብታ ሊለካ ነው፤ የእኛንና ከማዶ ያለውን ፒዬድራ ብላንካን። አቅሙ ለአንዱ ብቻ ነው። ውሃና ሽንት ቤት በማጣት ሴቷ ከወንዱ ይበልጥ የተጎዳችበት ኮረብታ፣ በፓምፕ የሚገፋ ቦኖ ውሃ እስከ ሁለት መቶኛው ደረጃ ይወጣለታል፤ ከጎኑም ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው የሴቶች ሽንት ቤትና መታጠቢያ ይሠራለታል። ማን ይበልጥ እንደተጎዳ የሚታወቀው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የምትሰበስበው ደግሞ ከየኮረብታው የተመረጠች አንዲት ሴት ናት። የማታ ትምህርት ስለጨረስኩና ምላሴም ስለማይያዝ ከእኛ እኔ ተመረጥኩ። ኮፍያና ሰደርያ ሰጡኝ። ፎርቱናቶ ሚኒስትር ሆንሽብኝ ብሎ አሾፈብኝ፤ ግን ኮፍያውን ራሱ ነው ያስተካከለልኝ።

አስተባባሪዋ ሴኞራ አራሴሊ ለሁለት ቀን አሠለጠነችን። መጠይቁ ሁለት ገጽ ነው። ነጩን ለቤቱ ኃላፊ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአባወራው፣ ትጠይቃላችሁ፦ ውሃው የት ነው፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ማን ይቀዳል። ሮዙን ግን ሴቷን ለብቻዋ አድርጋችሁ፣ በር ዘግታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ነው አለችን። በወር አበባሽ ቀን የት ትታጠቢያለሽ? ወደ ውጭ ላለመውጣት ውሃ ሳትጠጪ የዋልሽበት ቀን አለ? ሽንት ቤት ስትሄጂ የሚያስፈራሽ ነገር አለ? ከመሸከም ብዛት በሰውነትሽ ላይ የደረሰ ጉዳት አለ? አንድ ነገር ደጋግማ ተናገረች፤ ሳትጠይቁ ከምትሞሉት ባዶውን መልሱልኝ አለች። አንገቴን ነቀነቅኩ። ሠልጣኝ ሁሉ አንገቱን ይነቀንቃል።

ስለ ቦኖው ሳስብ የማስበው አንድ ሰው ነበር። ባለፈው ዓመት ቴዎዶሚራን ጤና ጣቢያ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ማህፀኗ ወርዷል። ወሊዱ ከባድ ነበር፣ ከወለደች በሳምንቷ ባልዲ አንስታለች፣ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ አላስቀመጠችውም። ሐኪሟ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሺ አለቻት። ቴዎዶሚራ እሺ አለች፣ በነጋታው ቦቴ መጣና ሁለት ባልዲ ይዛ ወጣች። ምን ታድርግ? ወገቧን በጨርቅ ጥፍር አድርጋ ታስራለች፤ በየሃያ ደረጃው ትቀመጣለች፤ ሰው ሲያልፍ ጫማዋን የምታስር ትመስላለች። ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቦኖው ሁለት መቶ ላይ ከቆመ የሚቀራት አርባ ደረጃ ነው፤ እሱንም ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያመላልሱላታል። ለእሷ ነገሩ ይህን ያህል ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት ከሰፈሩ ሊቀ መንበር ከዶን ኤውሎሂዮ ቤት ነው። ወንድሞቹ ተሰብስበው ድንች ይበላሉ። ነጩን ገጽ አወጣሁ። ውሃው የት ነው ስለው፣ እቤት ነዋ አለኝ፣ ሞኝ እንደጠየቀው ሁሉ። ስንት ደቂቃ? አንድ በርሜል በሦስት ደቂቃ ይሞላል አለ። እውነቱን ነው፣ በሦስት ደቂቃ ይሞላል። «ውሃ በግቢ ውስጥ፤ ሦስት ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን በርሜሉ የት ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ያን ቀን ጠዋት አራት ባልዲ ዘጠና ስድስት ደረጃ አውጥቼ፣ ትከሻዬ ገና እየጠዘጠዘኝ፣ ምንም ሳይከነክነኝ ጻፍኩት።

ከዚያ ሮዙን አወጣሁና ሚስቱን ካሲልዳን ለብቻ ላነጋግራት ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። ዶን ኤውሎሂዮ ድንቹን አስቀመጠ።

«ምነው ኤርሜ፣ ቅስና ተቀበልሽ እንዴ? ሴቶቻችንን ልታናዝዢ ነው?»

ወንድሞቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ፤ ማፈሬ እንዳይታወቅብኝ። ካሲልዳ ግን አልተነሳችም፣ እሱም አልወጣም። እዚያው በመሃላቸው ጥያቄዎቹን ቶሎ ቶሎ አነበብኩላት። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ለሁሉም «የለም፣ የለም» አለችኝ። ገጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ደረጃውን ሁሉ አዳረሰ። ሥራ ፈት ጎረምሶች ሳልፍ ኮፍያቸውን እያወለቁ «አባ ኤርሜ፣ ይፍቱን!» ይሉኛል። አንዱ አማቼ ሳይቀር እጄን ልሳም ብሎ ተንበረከከ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ባልዲ ሙሉ ውሃ የሚያወርድ ስድብ ነበረኝ። ያን ቀን ግን ምላሴ ተሳሰረ። ምክንያቱን አሁን አውቀዋለሁ፤ በዚያ ገጽ ላይ ካሉት ጥያቄዎች ለአንዱ የራሴ መልስ ስለነበረኝ ነው። ሌሎቹን ከጠየቅኩ አንዷ መልሳ እኔን ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ። ከሁለተኛው ቤት ጀምሮ ሮዙን ገጽ ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

በሦስተኛው ቀን ቴዎዶሚራ ጋ ደረስኩ። ልጆቿን ወደ ጎረቤት ልካለች። ያለችውን አንዲት ወንበር ጠርጋ፣ ከአልጋው ፊት ለፊት አድርጋ፣ ራሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯን አበጥራ ነበር። ነጩን ገጽ ጠየቅኳት፤ እሷም እንደ ሌላው ሁሉ ውሃው እቤት ነው አለችኝ፣ ሁለታችንም ምንም አልታየንም። ስጨርስ ቦርሳዬን ዘጋሁ።

«ሌላ ገጽ አለ ሲባል ሰምቼ ነበር» አለችኝ።

«እሱ ለሌሎች ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እሺ አለች። ሻይ ልታፈላልኝ ስትነሳ እቸኩላለሁ ብዬ ወጣሁ። ወንበሩን መልሳ ስታስጠጋ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ለራሴ የነገርኩት ሰበብ አላነሰኝም፦ ምስጢሯን ወረቀት ላይ እንዳላወጣባት ነው፣ ይሉኝታዋን ጠብቄላት ነው፣ አንድ ገጽ ደግሞ ምን ለውጥ ያመጣል። ውሸቴን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ልታወጣው ተዘጋጅታ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሰባውን ገጽ ስሞላ የእሷን መጨረሻ አደረግኩት። «ከመሸከም ብዛት በሰውነትሽ ላይ የደረሰ ጉዳት አለ?» የሚለው ላይ ስደርስ ፎርቱናቶ ሲጮህ ሰማሁ፤ ሁለት ለባዶ። «የለም» ብዬ አለፍኩ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሴኞራ አራሴሊ ውጤቱን ይዛ መጣች። የስብሰባው አዳራሽ ሞልቷል፤ መቅረት ስለሚያስቀጣ ወንዱም ሴቱም ተገኝቷል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈች። ሎማ ሴካ፦ ውሃ በግቢ ውስጥ፣ ከመቶ ዘጠና ስድስት። ደቂቃ፣ አራት። ችግር አለብኝ ያሉ ሴቶች፣ ከሰባ አንድ ዜሮ። ፒዬድራ ብላንካ፦ ውሃ በግቢ ውስጥ፣ ከመቶ ሦስት። ደቂቃ፣ ሠላሳ ስምንት። ችግር አለብኝ ያሉ ሴቶች፣ ከስልሳ አራት አምሳ አንድ።

ጭብጨባው ቀለጠ። እውነቴን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበ። እነዚያን ከማዶ ያሉትን በሁሉም ረትተናቸዋል። ዶን ኤውሎሂዮ ተነስቶ፣ ሎማ ሴካ ድሮም ሥራ ወዳድ ሕዝብ ነው ብሎ ንግግር ጀመረ። ያላጨበጨብን እኔና ሴኞራ አራሴሊ ብቻ ነበርን። ጭብጨባው ሲበርድ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ስለዚህ ቦኖው ለፒዬድራ ብላንካ ይሆናል አለች።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ዶን ኤውሎሂዮ ውሃ እኮ የለንም ሲል፣ እቤታችን ነው ብላችኋል አለችው። እቤታችን ነዋ፣ በርሜሉ ውስጥ! በርሜሉስ የት ነው? መንገድ ዳር። እሷ በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየች፤ እኛም አየን። ሰማያዊዎቹ በርሜሎች ታች ተደርድረዋል፣ ከላያችን ደግሞ ደረጃው ወደ ጉሙ ገብቶ ይጠፋል። ስንት ዓመት ሙሉ ያየነውን ያን ጊዜ ገና እንዳየነው ሆንን። አንዲት ሴት ከኋላ «ወይ ጉድ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሴኞራ አራሴሊ አልተቆጣችም። ይሄኛው ስህተት ነው፣ ስህተት በሰዓት ተለክቶ ይታረማል አለች። ከዚያ ጣቷን ዜሮው ላይ አደረገች። ይሄ ግን የበርሜል ስህተት አይደለም፤ ሰባ አንድ ሴቶች በገዛ አፋቸው ምንም የለብንም ብለዋል፤ በዚህ ላይ ምንም ማድረግ አልችልም።

ሴቶቹ ተያዩ። «የምን አፍ? እኔን ማን ጠየቀኝ?» የሚል ሹክሹክታ ከኋላ ተነሳ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነበር፤ መሬቷ ግን ሲሚንቶ ነበረች፣ እኔው ራሴ ያቦካሁት። ሴኞራ አራሴሊ ሹክሹክታውን ሰማች። አልተጠየቃችሁም ወይ ብላ ፊቷን ወደ እኔ ልታዞር ስትል፣ ቴዎዶሚራ ተነሳች።

«ተጠይቀናል» አለች። በስብሰባ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ኤርሜ አንድ በአንድ ጠይቃናለች። ያፈርነው እኛ ነን። አፍረን የለም አልናት።»

ይህን ብላ ሆዷን በክንዷ ደገፍ አድርጋ ተቀመጠች። ቦኖዋን ለእኔ ስትል ጣለችው። ሴቶቹም ነገሩ ገብቷቸው ዝም አሉ፤ ጎረቤት አይካድም። እኔ እዚያ ኮፍያዬን አድርጌ ቆሜያለሁ። ዝም ብል አመሻሽ ላይ ሁሉም ያልቃል፣ ማንም አያነሳውም። ዝም የማለት ፍላጎቴ ምን ያህል እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ ከሰባው ገጽ ይልቅ ያች ዝም ለማለት ያሰብኩባት ጊዜ ናት።

«አልጠየቅኳቸውም» አልኩ። «ሰባውን እኔ ነኝ የሞላሁት። እቤቴ ቁጭ ብዬ።»

ካሲልዳ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ «እኔን ጠይቃኛለች» አለች። «እሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር።» ዶን ኤውሎሂዮን በአገጯ አመለከተችው። ከወንዶቹ አንዱ «አባ ኤርሜ ራሳቸው ተናዘዙ» ብሎ ሞከረ፤ የሳቀለት ግን አልነበረም። ፎርቱናቶ ጫማውን ያያል።

ሴኞራ አራሴሊ ሰደርያውን ተቀበለችኝ። ኮፍያውንም። ለምን ብላ ጠየቀችኝ፣ አፈርኩ አልኳት። «እነሱ እንዳያፍሩ ነበር ሥራሽ» አለችኝ፤ እሱ ብቻ በቅቶኛል። እንደገና እንዲለካ ጠይቃ እንደምትሞክር፣ ተስፋ ግን እንደማትሰጠን ለስብሰባው ተናገረች። ስወጣ አንዲት ሴት መንገዴ ላይ ምራቋን ጢቅ አደረገች። አልፈርድባትም። ጅብ ከሄደ በኋላ እንደምትጮህ ውሻ ነበርኩ።

ማክሰኞ ሰዓት ይዘው መጡ፤ ሴኞራ አራሴሊና የሳቤል የምትባል ከሌላ ሰፈር የመጣች ሃያ ዓመት የማይሞላት አዲስ ጠያቂ። ሴቶቹ ቦቴውን መጠበቅ የጀመሩት ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቦቴው የመጣው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ያን ሰባት ሰዓት እኛ ደቂቃ ብለን ቆጥረነው አናውቅም ነበር። ከዚያ የቴዎዶሚራን ባልዲዎች እኔ አነሳሁ፤ እሷ ባዶ እጇን አብራኝ ወጣች፤ የሳቤል ሰዓቱን ይዛ ተከተለችን። ሁለት መቶ አርባ ለመድረስ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ለአንድ ምልልስ። ለቀን አራት ምልልስ ያስፈልጋል።

ዶን ኤውሎሂዮ ይህን ሲያይ ቆይቶ፣ ሴቶች ስለሆኑ ነው የዘገዩት ብሎ ሁለት ባልዲ አነሳ። ስንወርድ መቶ ሠላሳኛው ደረጃ ላይ አገኘነው። ባልዲዎቹን አስቀምጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል።

«ጫማዎ ተፈታ እንዴ፣ ዶን ኤውሎሂዮ?» አለችው ቴዎዶሚራ።

እሱ ምን እንዳለችው አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ፣ ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ፣ ሁለቱንም የማድረግ መብት ግን አልነበረኝም።

በማግስቱ ልጅቷ ቤት ለቤት መጠየቅ ጀመረች። የእኛም ቤት እንደማንኛውም ቤት ተቆጠረ። ነጩን ገጽ ፎርቱናቶን ጠየቀችው። ውሃው መንገድ ዳር ነው አለ፤ ተምሯል። ማን ነው የሚቀዳው ስትለው «አብረን ነን» አለ። እኔ ድንቼን መላጤን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ «እሷ ናት» ብሎ አረመ። ከዚያ የሳቤል ለብቻችን እንድንሆን ጠየቀች፣ እሱም ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የእኛ ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ውጭ የተቀመጠ ሰው ሲያዛጋ ውስጥ ይሰማል። እሱም እንደሚሰማ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

ልጅቷ ሮዙን ገጽ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። አንገቷ ድረስ ቀልታለች። ቀና ብላ አላየችኝም። «ወደ ውጭ ላለመውጣት ውሃ ሳይጠጡ የዋሉበት ቀን አለ?» ብላ፣ የመጨረሻውን ቃል ሳትጨርሰው፣ እስክሪብቶዋ «የለም» የሚለው ሳጥን ላይ አርፏል። ምልክቱን ልትጀምር ነው።

እጇን ያዝኳት።

«ገና አልመለስኩልሽም» አልኳት።

ደነገጠች። ይቅርታ አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ሰኔ ላይ እኔ ለብሼው ነበር። እንደገና አንብቢልኝ አልኳት። አነበበችልኝ፤ በዚህ ጊዜ ቀና ብላ።

አለ አልኳት። የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ፣ አሥራ አራት ዓመት፣ ሽንቴን መያዝ አልችልም። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ የምንጋራው ከሦስት አማቾቼ ጋር ነው፣ መዝጊያው መጋረጃ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ይገለጣል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ውሃ በአፌ አይዞርም። ባልዲውን ተሸክሜ ስወጣ፣ ከንፈሬ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ከተሸከምኩት ውሃ አልጠጣም። ይህን ሁሉ ግድግዳው እንዲሰማው ጮክ ብዬ ነገርኳት። ሀፍረቱ አልቀነሰልኝም፤ ተናግሮ ቀለለኝ የሚሉ ሰዎች ምን ዓይነት ሀፍረት እንደነበራቸው አላውቅም። የእኔ ከብዶ ወጣ፣ ከብዶም ተቀመጠ። ግን ልጅቷ ጻፈችው።

ከግድግዳው ማዶ ፎርቱናቶ ሲነሳ ተሰማኝ። ወዴት እንደሄደ አልጠየቅኩትም። ማታ በመጋረጃው ቦታ ሁለት ሳንቃ ገጥሞ አገኘሁት፣ መቀርቀሪያ ሳይቀር። ስለ ነገሩ ቃል አልተነጋገርንም፤ እኔና እሱ ገና እንተፋፈራለን።

አዲሱ ቁጥር ጥሩ ነበር፤ መጥፎ ማለቴ ነው። ችግር አለብኝ ያሉ ሴቶች፣ ከሰባ አንድ ስልሳ ስድስት። ግን ቁጥሩ ሲደርስ የፒዬድራ ብላንካ ቧንቧ ተገዝቶ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ነበር። ከእነሱ ይነጠቅ የሚል ማንም የለም፤ እዚያም የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። እኛ ለከርሞ ተያዝን፣ ከርሞ ከተገኘ። አንድ ዓመት ማለት ነው። ያን አንድ ዓመት ከቴዎዶሚራ የወሰድኩባት እኔ ነኝ።

እስከዚያ ማክሰኞና ዓርብ የራሴን አውጥቼ ስጨርስ የቴዎዶሚራን አወጣላታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሯ ላይ አስቀምጬ፣ ሳላንኳኳ ነበር የምመለሰው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ባዶዎቹን ባልዲዎች አጥባ ደጅ ታስቀምጥልኛለች።

ባለፈው ዓርብ የመጨረሻዎቹን ሁለት ባልዲዎች ይዤ ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ልጆቹ የሉም። ወንበሩ ተጠርጎ ከአልጋው ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ እሷም አልጋው ጫፍ ላይ ናት፣ ጸጉሯን አበጥራለች። ግቢ አለችኝ። ገባሁ፣ ግን አልተቀመጥኩም። ለየሳቤል ነግረሻት የለም ወይ አልኳት፤ ወረቀቱም እኮ ሄዷል፣ ቆጠራው አልቋል።

«ለእሷ ነግሬያታለሁ» አለች። «አንቺ ግን አልጠየቅሽኝም።»

«አበልጄ፣ እኔ እኮ አውቀዋለሁ።»

«ታውቂያለሽ። ጠይቂኝ።»

ተቀመጥኩ። እጄ ከባልዲው እጀታ የተነሳ ተሰንጥቆ ይደማል፤ በቀሚሴ ጠረግኩት። በሩን ተነስቼ ዘጋሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጥያቄዎቹን በቃሌ ነበር የማውቃቸው፣ ሰባ ጊዜ ሞልቻቸዋለሁ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እሷ እስክትጨርስ እየጠበቅኩ።